ዲፕሎማ ሳይኖር በራስ ሥራ ውጭ አገር መኖር ይቻላል ወይ?

ትርጉም ቤት ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው ወረቀት ነው፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ፣ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ የባንክ ስቴትመንት ምናምን። በሳምንት ሁለት ሦስቴ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ። «እኔ ዲፕሎማ የለኝም፣ ተቀጥሬም አላውቅም፣ በእጄ ሠርቼ ነው የማድረው፣ እንደኔ ላለ ሰው ውጭ ወጥቶ የራሱን ሥራ እየሠራ የሚኖርበት ሕጋዊ መንገድ አለ?» የሚጠይቁኝ ልብስ ሰፊ፣ ሹሩባ ሠሪ፣ ፎቶ አንሺ፣ አናጺ፣ በዩቲዩብ ኮዲንግ የተማረ ልጅ ናቸው። ብዙዎቹ እኔ ጋ ሲደርሱ ለደላላ ብር ከፍለው ጨርሰዋል፣ አንዳንዱማ እናቱ እቁብ ሲወጣላት የሰጠችውን ብር ነው። ይሄ ነገር ውስጤን ስለሚበላው የማውቀውን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ጠበቃ አይደለሁም፣ የምጽፈው ሕጉ በግልጽ የሚለውን እና ከወረቀት ጋር ስውል ያየሁትን ነው፣ የኢሚግሬሽን ሕግ ደሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ብር ከመክፈላችሁ በፊት የኤምባሲውን ዌብሳይት ያኔውኑ ገብታችሁ አንብቡ።

መልሱ አለ ነው። ጠባብ ነው፣ ግን አለ። ሰው የሚሳሳተው «ዲፕሎማ አይጠየቅም» ሲባል «ወረቀት አይጠየቅም» ብሎ ስለሚሰማ ነው። ዲፕሎማ የማይጠይቅ ቪዛ በዲፕሎማው ቦታ ሌላ ነገር ይጠይቃል፣ ብራችሁ ከየት እንደመጣ፣ ደንበኞቻችሁ እነማን እንደሆኑ፣ ስንት ዓመት እንደሠራችሁ፣ ምን ያህል እንደምታገኙና ግብር እንደከፈላችሁበት። የተማረ ሰው አንድ ዲግሪ አሳይቶ የሚያልፈውን በር እኛ በሃምሳ ቁራጭ ወረቀት ነው የምናልፈው፣ እነዛ ሃምሳ ቁራጮች ደሞ ያሉት የራሳችን ሥራ ውስጥ ስለሆነ ማንም ደላላ ሊሸጥልን አይችልም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በሩ ሁለት ነው። አንደኛው አገር ገብታችሁ እንድትኖሩና እንድትሠሩ የሚፈቅድላችሁ ነው፣ ቪዛው ወይ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ እሱን የሚሰጠው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። ሁለተኛው ያንን ሙያ እዛ አገር ለመሥራት የሚያስፈልገው የሙያ ፈቃድ ነው፣ እሱን የሚሰጠው ደሞ ሌላ አካል ነው። ሰው አንዱን ብቻ ጠይቆ ይሄድና ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ሹሩባን ውሰዱ፣ አሜሪካ ውስጥ ሹሩባ ለመሥራት አንዳንዱ ስቴት ላይሰንስ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ አይጠይቅም። ቴክሳስ ድሮ ይጠይቅ ነበር፣ በ2015 በፈረንጆቹ ግን ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ ሕጉ ተነሳ፣ ስለዚህ ዳላስ ያለች እህታችን ሹሩባ ብቻ የምትሠራ ከሆነ ላይሰንስ የሚላት የለም፣ ያቺው ልጅ ፀጉር መቁረጥና ቀለም መቀባት ስትጀምር ግን የኮስሞቶሎጂ ላይሰንስ ያስፈልጋታል። አንድ ወንበር ላይ፣ አንድ ደንበኛ ፀጉር ላይ፣ ሁለት የተለያየ ሕግ ማለት ነው። ስለዚህ «የኔ ሙያ ይፈቀዳል?» ብላችሁ ስትጠይቁ አገሩን ብቻ አትጥሩ፣ ስቴቱንም ከተማውንም በትክክል የምትሠሩትንም ነገር ጥሩ።

ስለ ወረቀቱ ስናገር አየር ላይ እንዳይሆን የጎረቤቴን ጉዳይ ልንገራችሁ። አናጺ ነው፣ ቁም ሳጥን፣ የኪችን ካቢኔት፣ በር ይሠራል፣ 14 ዓመት ሠርቷል፣ ሥራውን የተማረው አጎቱ ጋ ሲላላክ ነው። አንድ ቀን ማታ «ልምዴን የሚያሳይ ነገር አምጣ» ስለው ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዞልኝ መጣ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ የታተመበት ዓይነት። ውስጡ እንዲህ ይላል፣ «የሳሪሷ ሴትዮ፣ ቁም ሳጥን ባለ ሦስት በር፣ ቀብድ 15,000፣ ቀሪው ለፋሲካ»። ቀን የለውም፣ የደንበኛ ሙሉ ስም የለውም፣ ፊርማ የለውም። ለሱ ግን እያንዳንዱ መስመር አንድ ቤት ነው፣ በሩን የትኛው ግድግዳ ላይ እንደገጠመው ሳይቀር ይነግራችኋል። ቁጭ ብለን ስልኩ ላይ ከ127 የመጡትን የቴሌብር መልእክቶች አንድ በአንድ እያየን ከደብተሩ ጋር ማመሳከር ጀመርን፣ ቀብዱ የገባበት ቀን፣ ቀሪው የገባበት ቀን፣ የላከው ሰው ስም። እስከ እኩለ ሌሊት ቆየንና ከዛ ሁሉ ሥራ ልናረጋግጥ የቻልነው የሦስት ዓመቱን ብቻ ነው ምክንያቱም የድሮ ስልኩ ጠፍቷል፣ ከዛ በፊት ደሞ ሁሉን በካሽ ነበር የሚቀበለው። 14 ዓመት የሠራ ሰው በወረቀት ሦስት ዓመት ሆነ። ዝም ብሎ ደብተሩን ሲያገላብጥ የነበረው ፊቱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ሌላው እሱ ላይ ያየሁት የግብር ጉዳይ ነው። የቁርጥ ግብር የሚከፍል ነጋዴ ገቢው ዝቅ ብሎ እንዲገመትለት ነው የሚለምነው፣ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ቪዛ ላይ ስትደርሱ ግን ያ ወረቀት ይመሰክርባችኋል። የቪዛ መኮንኑ በአንድ እጁ «በወር ይህን ያህል አገኛለሁ» የሚለውን ደብዳቤያችሁን በሌላ እጁ የግብር ደረሰኙን ይዞ ነው የሚያየው፣ ሁለቱ ካልተገናኙ ወይ ገቢያችሁ ውሸት ነው ወይ ግብራችሁ ውሸት ነው፣ ሁለቱም ያስከለክላል። ስለዚህ በራስ ሥራ ውጭ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ገና ሳይወጣ ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ ቲን አውጥቶ፣ ንግድ ፈቃዱን በራሱ ስም አድርጎ፣ እውነተኛ ገቢውን እያሳወቀ መክፈል አለበት። ያማል፣ አውቃለሁ፣ ግን ዲግሪ የሌለው ሰው ዲግሪው ይሄ ነው።

አሁን ወደ አገሮቹ። ብዙ ጊዜ የማጠፋው አሜሪካ ላይ ነው ምክንያቱም ብዙ ሰው ጨርሶ የማያውቀው ነገር እሱ ላይ ስላለ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ፣ በ1951 በፈረንጆቹ፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ አዲስ አበባ ላይ የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ውል ተፈራርመዋል፣ ሥራ ላይ የዋለው ኦክቶበር 8 ቀን 1953 ነው። በዛ ውል ምክንያት የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኢ-2 ለሚባለው የኢንቨስተር ቪዛ ማመልከት ይችላል። ይሄ ለሁሉም አገር የተሰጠ አይደለም፣ ከአፍሪካ እነ ግብጽ፣ ሞሮኮ፣ ሴኔጋል፣ ቶጎ አሉበት፣ ኬንያና ናይጄሪያ ግን የሉበትም። ኢ-2 ከባለቤቱ ዲግሪም ዲፕሎማም አይጠይቅም፣ አሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ሰውም ቢሆን ሥራውን የሚመራው እሱ መሆኑን ካሳየ ይበቃል። ባል ወይ ሚስት አብሮ ሄዶ መሥራት ይችላል፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም ይሄዳሉ፣ በየጊዜው እየታደሰ ሥራው እስካለ ድረስ መቀጠል ይቻላል።

ታዲያ ለምን ሁሉ ሰው አይሄድበትም ብትሉ፣ ብሩ ነው። ሕጉ ይህን ያህል ዶላር ብሎ ዝቅተኛ ቁጥር አላስቀመጠም፣ የሚለው «ከፍ ያለ ገንዘብ» ነው፣ የሚለካውም ከሥራው ጠቅላላ ወጪ ጋር ነው። ሥራው ትንሽ ገንዘብ የሚፈልግ ከሆነ ወጪውን ከሞላ ጎደል በሙሉ እናንተ መሸፈን አለባችሁ፣ ትልቅ ሥራ ከሆነ በመቶኛው ዝቅ ሊል ይችላል። ጠበቆች ከ100 ሺህ ዶላር በታች ሲሆን ከባድ ነው ይላሉ፣ ያነሰ ያሳለፉም አሉ። ሌላው ደሞ ብሩ ባንክ መቀመጡ አይበቃም፣ ሥራው ላይ መዋል አለበት፣ ኪራይ ተከፍሎ፣ ዕቃ ተገዝቶ፣ ሥራው ቢከስር የናንተም ብር አብሮ የሚከስር መሆን አለበት። የድርጅቱ ድርሻ ቢያንስ 50 በመቶው በኢትዮጵያ ዜጋ የተያዘ መሆን አለበት። እና ሥራው የናንተንና የቤተሰባችሁን ጉሮሮ ብቻ የሚደፍን ከሆነ አይበቃም፣ አሁን ወይ በአምስት ዓመት ውስጥ ከዛ በላይ ማግኘት እንደሚችል በቢዝነስ ፕላን ማሳየት አለባችሁ፣ ሌላ ሰው መቅጠር የሚረዳው ለዚህ ነው። ብቻዬን ታክሲ እየነዳሁ እኖራለሁ የሚለው ሐሳብ ኢ-2 ላይ የማያልፈውም ለዚህ ነው።

አሁን ዋናው ማነቆ። ብሩ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ መሆኑን እና ከናንተ እጅ እስከ አሜሪካ አካውንት ድረስ በየት በየት እንዳለፈ እያንዳንዷን ደረጃ ማሳየት ይጠበቅባችኋል። እኛ አገር ደሞ አንድ ግለሰብ ባንክ ሄዶ ውጭ ኢንቨስት ላደርግ ነው ዶላር ስጡኝ ቢል ዝም ብሎ የሚሰጠው የለም፣ የብሔራዊ ባንክ ሕግ ነው የሚገዛው፣ በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላም ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር በሩ እንደልብ አልተከፈተም። ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል፣ ቤቱን ይሸጥና ብሩን እዚህ ለአንድ ሰው ይሰጣል፣ የዛ ሰው ዘመድ ቨርጂኒያ ላይ ዶላሩን ይሰጣል። እሱን መንገድ የቪዛ መኮንን ፊት ማስረዳት አይቻልም፣ እዚህም ወንጀል ነው። እኔ ጋ የመጡ፣ ቤት የሸጡበትን ውል አስተርጉመው ሁሉን አሟልተው እዚህች ጋ ሲደርሱ የቆሙ ሰዎች አሉ፣ በጣም ያሳዝናል። ንጹህ ሆኖ የሚሄደው ገንዘቡ መጀመሪያውኑ ውጭ ያለ ከሆነ ነው፣ ለምሳሌ ውጭ ያለ ወንድም ወይ እህት በስጦታ ሲሰጥ፣ ስጦታ ይፈቀዳል ግን የስጦታ ደብዳቤ፣ የሰጪው የባንክ ስቴትመንት፣ ሰጪው ብሩን ከየት እንዳመጣው ይጠየቃል። ብድርም ይቻላል፣ መያዣው ራሱ የሚቋቋመው ድርጅት ንብረት ከሆነ ግን አይቆጠርም፣ በራሳችሁ ንብረት ወይ በራሳችሁ ፊርማ ተጠያቂ መሆን አለባችሁ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ ኢ-2 ግሪን ካርድ አይደለም፣ በራሱም ወደ ግሪን ካርድ አያደርስም። ሥራው ሲቆም ትመለሳላችሁ፣ ስታመለክቱም እመለሳለሁ ብላችሁ ነው። «በኢ-2 አስገብቼህ በዓመቱ ግሪን ካርድ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ። ቪዛው ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ለስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ደሞ የአሜሪካ ስቴት ዲፓርትመንት ሠንጠረዥ ላይ ስላለ ስታመለክቱ እሱን እዩ።

እዚህ ላይ ዲቪንም ማንሳት አለብኝ። ዲቪ ሲባል ሁሉም አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ሕጉ ግን «ወይም» ይላል፣ ወይም ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ። ታዲያ ይሄ «ወይም» ብዙ ሰው ጎድቷል ምክንያቱም የትኛውም ሥራ አይቆጠርም፣ የአሜሪካ የሥራ መደብ ዝርዝር ላይ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሥልጠና ይፈልጋል ተብሎ የተመደበ ሙያ መሆን አለበት። ሾፌርነት፣ ጥበቃ፣ አስተናጋጅነት አያልፉም። ሳያጣራ ሞልቶ ደርሶት፣ ለሜዲካል ከፍሎ፣ ኢንተርቪው ላይ የተመለሰ ሰው ወረቀቱን ይዞ እኔ ጋ መጥቶ «ምን ላድርግ» ብሎኛል፣ ያን ሰዓት ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ማጣራቱ መቅደም ነበረበት።

የአሜሪካ ዜግነት ያላችሁ ሐበሾች ደሞ ሌላ በር አላችሁ፣ ሆላንድ። በ1956 በፈረንጆቹ አሜሪካና ሆላንድ የተፈራረሙት ውል ስላለ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው 4,500 ዩሮ ብቻ ሥራው ላይ አስቀምጦ፣ ድርጅቱን አስመዝግቦ በራሱ ሥራ መኖር ይችላል፣ ዲግሪ አይጠየቅም። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ግን አይችልም፣ ፓስፖርቱ ነው የሚታየው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ሆላንድ በራስ ሥራ ለመሄድ ያለው የነጥብ መንገድ ነው፣ የግል ልምድ፣ የቢዝነስ ፕላን እና ለሆላንድ ኢኮኖሚ የሚጨምረው ጥቅም ተብሎ በሦስት ይከፈላል፣ ትምህርት እዛ ውስጥ ነጥብ ስላለው ለኛ ዓይነቱ ሰው ዳገት ነው።

ጀርመን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጀርመኖች የራሱን ሥራ የሚሠራውን ሰው ለሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ነጻ ሙያተኛ የሚሉት ነው፣ አርቲስት፣ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ የቋንቋ አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ጠበቃ የመሳሰሉት። ሌላው ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ነው። ሠዓሊ ወይ ሙዚቀኛ ከሆናችሁ ዲግሪ ባይኖራችሁም ሥራችሁን አሳይታችሁ መሞከር ትችላላችሁ፣ በተለይ በርሊን ለአርቲስትና ለቋንቋ አስተማሪ የቀለለ አሠራር አላት። የሚፈልጉት የሠራችሁትን፣ ከጀርመን ደንበኞች «ከዚህ ሰው ጋር መሥራት እንፈልጋለን» የሚል ደብዳቤ፣ የገቢ ግምት፣ የጤና ኢንሹራንስ ነው፣ ዕድሜያችሁ ከ45 በላይ ከሆነ ደሞ ለእርጅና የሚሆን ጡረታ ወይ ንብረት እንዳላችሁ ማሳየት አለባችሁ።

የእጅ ባለሙያው ጋ ስንመጣ ማይስተር የሚባለው ነገር ይመጣል፣ በሙያው ተፈትኖ የሚገኝ ከፍተኛ ማዕረግ ማለት ነው። በጀርመን 53 ሙያዎች ላይ የራስን ድርጅት ለመክፈት የማይስተር ማዕረግ ወይ ከዛ ጋር እኩል የሆነ ነገር ያስፈልጋል። እንጨት ሥራ አለበት፣ ኤሌክትሪክ አለበት፣ ፀጉር ሥራ አለበት፣ ሴራሚክ ማንጠፍ ደሞ ለ16 ዓመት ያህል ነጻ ሆኖ ቆይቶ በ2020 ተመልሶ ገብቷል። ስለዚህ ጎረቤቴ የፈለገውን ያህል ባለ እጅ ቢሆን የተለየ ፈቃድ ካላገኘ ሙኒክ ላይ የራሱን ወርክሾፕ ከፍቶ ቁም ሳጥን መሥራት አይችልም። ልብስ ስፌት ግን ከዝርዝሩ ውጭ ነው፣ ፎቶ ማንሳትም፣ ሕንጻ ማጽዳትም። እነዚህ ማይስተር አይጠየቁም፣ ይመዘገባሉ ይሠራሉ። ቪዛው ላይ ግን አሁንም ሥራው ለአካባቢው ያስፈልጋል ወይ፣ ገንዘቡስ አለ ወይ የሚለው ይመዘናል፣ «እዚህ ከተማ ላይ ሐበሻ ቀሚስ የሚሰፋ የለም» ማለት ብቻውን አያሳምናቸውም፣ ማን እንደሚገዛችሁ በስም በደብዳቤ ማሳየት ነው።

በራሱ ኮዲንግ የተማረ ልጅ ደሞ አንድ ነገር ይስማኝ። ጀርመን ለአይቲ ባለሙያ ብቻ ዲግሪንም ዲፕሎማንም ትታለች፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ቢያንስ ሁለት ዓመት ሠርቶ ከሆነ እና የጀርመን ድርጅት ከቀጠረው መሄድ ይችላል፣ ደሞዙ በ2025 ቢያንስ 43,470 ዩሮ በዓመት መሆን ነበረበት፣ በየዓመቱ ከፍ ይላል። ይሄ ቅጥር ነው፣ በራስ ሥራ አይደለም፣ ግን አንዳንዴ ረጅሙ መንገድ ያጥራል፣ ተቀጥሮ ገብቶ ቆይቶ ወደ ራስ ሥራ መቀየር ይቻላል። ደንበኞቹ ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች የሆኑለት ልጅ ደሞ ስፔንን ይይ። ከ2023 ጀምሮ ስፔን በኢንተርኔት ከርቀት ለሚሠራ ሰው ፈቃድ ትሰጣለች፣ የምትለውም ወይ ዲግሪ ወይ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ነው። ገቢው ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደሞዝ እጥፍ መሆን አለበት፣ በ2025 በወር ወደ 2,760 ዩሮ ነበር፣ ከደንበኛው ድርጅት ጋር ቢያንስ ሦስት ወር ሠርቶ መሆን አለበት፣ ድርጅቱም ቢያንስ አንድ ዓመት የቆየ። ያቺ የሦስት ዓመት ልምድ እንግዲህ የምትረጋገጠው በኮንትራትና በተላከ ክፍያ ነው፣ ክፍያውን በጓደኛው አካውንት ሲቀበል የኖረ ልጅ እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው።

ካናዳ። ይሄን በደንብ አንብቡት ምክንያቱም ትልቁ ማጭበርበር ያለው እዚህ ላይ ነው። ካናዳ የራሱን ሥራ ለሚሠራ ሰው ፕሮግራም አላት፣ ግን ለሁሉም ሙያ አይደለም፣ ለባህልና ለስፖርት ብቻ ነው። ሙዚቀኛ፣ ጸሐፊ፣ ፎቶግራፈር፣ ሠዓሊ፣ አሠልጣኝ። አናጺ፣ ሾፌር፣ ሱቅ ያለው ሰው አይገባበትም። ከ100 ነጥብ 35 ማምጣት ነበር የሚፈለገው፣ አምስት ዓመት በሙያው የሠራ ሰው በልምዱ ብቻ 35 ይሞላል፣ ትምህርቱ ዜሮ ቢሆንም። በጣም የሚያምር ፕሮግራም ነበር። ግን ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁሟል፣ የተጠራቀመው ማመልከቻ በዝቶ። ከዛ ቀን በኋላ «በካናዳ ሰልፍ ኢምፕሎይድ ፋይል ከፍቼልሃለሁ» ብሎ ብር የተቀበለ ሰው ሁሉ በተዘጋ በር ነው የተቀበለው። ሰው እንዲህ ሲላችሁ ካናዳ ኢሚግሬሽን ዌብሳይት ገብታችሁ ፕሮግራሙ ክፍት መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ዓረብ አገር ላይ ደሞ «ፍሪ ቪዛ» አለ። ቃሉን የማያውቅ የለም፣ ከፊሉ፣ ማለት ቪዛውን በስሙ የሚያወጣላችሁ የዛ አገር ሰው፣ ቪዛውን ይሸጥላችኋል፣ እናንተ የትም ሄዳችሁ የፈለጋችሁትን ትሠራላችሁ፣ በወር ወይ በዓመት ለሱ ትከፍላላችሁ። በሕጉ ውስጥ ፍሪ ቪዛ የሚባል ነገር የለም። ሳውዲ ላይ በከፊል ስም ገብቶ ለራስ መሥራት የሥራ ሕጉ የሚከለክለው ነው፣ በሳውዲ ሰው ስም ሱቅ ከፍቶ መሥራት ደሞ በሕጉ እስከ አምስት ዓመት እስርና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል ያስቀጣል። ኤምሬትስ ላይ ያለ ፈቃድ ሰው የሚያሠራ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል፣ ስለዚህ የሚያሠራችሁ ሰው ራሱ ፍተሻ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያባርረው እናንተን ነው። ዱባይ ሕጋዊ የሆነው ግሪን ቪዛ አለ፣ አምስት ዓመት ነው፣ ግን የፍሪላንስ ፈቃድ፣ ዲግሪ ወይ ሙያዊ ዲፕሎማ እና ባለፉት ሁለት ዓመታት በዓመት 360 ሺህ ድርሃም ገቢ ይፈልጋል። ዲፕሎማ የሌለው ሰው ያለው መንገድ ፍሪ ዞን ላይ ትንሽ ድርጅት ማስመዝገብና በባለቤትነት ቪዛ መውሰድ ነው፣ ትምህርት አይጠየቅም፣ ብር ግን በየዓመቱ ለላይሰንሱ ይከፈላል፣ ሥራ ሳትይዙ ከገባችሁበት ላይሰንሱ ራሱ ይበላችኋል።

ዲፕሎማ ለሌለው ሰው እዚሁ አገር ያለ አንድ ጥሩ ነገር ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናው ነው። ኮሌጅ ያልገባ፣ በሥራ የተማረ ሰውም በሙያው ተመዝግቦ የጽሑፍና የተግባር ምዘና መውሰድ ይችላል፣ ካለፈ በደረጃው ሰርተፍኬት ያገኛል። አውሮፓ ላይ እንደ ማይስተር አይቆጠርላችሁም፣ ግን «ሙያ አለኝ» ከሚለው የራሳችሁ ቃል ይልቅ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት መያዝ ይሻላል፣ ከደንበኛ ደብዳቤና ከባንክ ስቴትመንት ጋር ሲሆን ደሞ አንዱ ሌላውን ይደግፋል።

ከሥራዬ የተነሳ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ ዓመተ ምሕረት። ንግድ ፈቃዳችሁ በኛ አቆጣጠር 2010 ይላል፣ አስተርጓሚው ሳይቀይር 2010 ብሎ ይጽፋል፣ የባንኩ ስቴትመንት ደሞ በፈረንጆቹ 2018 ይላል፣ ፋይሉን የሚያየው ሰው ስምንት ዓመት ልዩነት አየ ማለት ነው፣ ያን ሰዓት ሰነዳችሁ ውሸት ይመስላል። ትርጉሙን ስትቀበሉ እያንዳንዱን ቀን ራሳችሁ ቆጥራችሁ አረጋግጡ። ሁለተኛ ስም። ፓስፖርቱ ላይ ስማችሁ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተጻፈ ፎቶ አንስታችሁ ለአስተርጓሚው ስጡት፣ አንድ ፊደል ብትለያይ ንግድ ፈቃዱ የሌላ ሰው ይሆናል። ከዛ ነው ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ኤምባሲ የሚኬደው፣ ተሳስቶ ማኅተም የተደረገበትን ለማስተካከል ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

ጎረቤቴ አሁን ንግድ ፈቃዱን በራሱ ስም አውጥቷል፣ ቀብድ በካሽ መቀበል ትቶ ደንበኛውን «በባንክ አስገቡልኝ» ነው የሚለው፣ የሲኦሲ ምዘናውን ተመዝግቦ ቀን እየጠበቀ ነው። አዲስ ደብተር ገዝቷል፣ በማስመሪያ አምስት ቦታ ከፍሎታል፣ ቀን፣ የደንበኛ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ሥራው፣ ፊርማ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛው «ለቁም ሳጥን ደሞ ምን ፊርማ አለው» ብላ ስትጠይቀው ሰማሁ፣ እሱ እስክሪብቶውን አቀብሏት እስክትፈርም ቆሞ ጠበቃት።